«ሲስ» እህት አይደለችም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁን የማገኘው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የሐበሻ ሱቅ ነው። እንጀራ ልገዛ ስገባ አብሬ አነሳለሁ። ባለፈው እትማችሁ ወላጆች ሊያውቋቸው የሚገቡ የልጆች ቃላት ብላችሁ ከዘረዘራችኋቸው መሀል «ሲስ» የሚለው ነበር። «እህት ማለት ነው፤ አሁን አሁን ግን ስድብ ሆኗል» ብላችሁ ፈታችሁት። ሁለት ቃል ተደባልቆባችኋል። ባሕር ዳር 17 ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይቺን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ጥፋቱ ግማሹ የፊደላችን ነው። ሴቶች ልጆች እርስ በርስ «ሲስ» የሚባባሉት ሲስተር የሚለውን አሳጥረው ነው። እሱ በኤስ ይጀምራል። ሌላው በሲ ይጀምራል፤ ሲስጀንደር ከሚለው የተቆረጠ ነው። በእንግሊዝኛ ሲነገሩ አንድ ናቸው፣ ሲጻፉ ግን ይለያሉ። እኛ ጋ ሲጻፉም አንድ ሆነው አረፉት።

ሲስጀንደር የሚባለው ሲወለድ «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» የተባለ፣ እሱም አድጎ በዚያው የተስማማ ሰው ነው። አብዛኛው ሰው ማለት ነው። ትራንስጀንደር የሚባለው ደግሞ ሲወለድ በተባለው ጾታ ራሱን የማያገኝ ነው።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ሲስ «ወዲህ»፣ ትራንስ «ወዲያ ማዶ»። ሮማውያን ጎል የሚሉትን አገር (ዛሬ ፈረንሳይና ሰሜን ጣሊያን ያሉበትን) ለሁለት ከፍለው፣ ከአልፕስ ተራሮች ወዲህ ያለውን በሲስ፣ ወዲያ ያለውን በትራንስ ይጠሩት ነበር። ወዲህም ወዲያም የተባለው ሮም ላይ ተቁሞ ነው። ፈረንሳዮች ዛሬም ዌስት ባንክን ሲስዦርዳኒ ነው የሚሉት፤ ከዮርዳኖስ ወዲህ ለማለት። የእኛም ኦሪት ዘዳግም ሲጀምር «በዮርዳኖስ ማዶ» ይላል።

እኔ ግን ቃሉን የማውቀው ከክፍል ነው። ሁለት ካርቦኖች በደብል ቦንድ፣ ማለትም በድርብ ማያያዣ፣ ሲያያዙ እንደ ነጠላው እንደልባቸው አይዞሩም። ይህን ለማሳየት ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት አቆምና ሁለቱንም እጃቸውን አያይዛለሁ። ከዚያ እያንዳንዳቸው አንድ ትከሻ ላይ ቦርሳ አንጠለጥላለሁ። ሁለቱም ቦርሳ በመስኮቱ በኩል ሲሆን፣ ሲስ። አንዱ በመስኮቱ፣ ሌላው በበሩ በኩል ሲሆን፣ ትራንስ። «በል አንተ ብቻ ዙር» ስለው፣ እጁን ካልለቀቀ በስተቀር አይችልም። ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። ፈተና ላይ ግን የሚሳሳት አልነበረም። ያው ቦርሳ፣ ያው ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ይለያል። ቢዩቲን የሚባለው ጋዝ ሲሱ የሚፈላው 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ትራንሱ 1 ዲግሪ ገደማ ላይ። ብስኩት ካርቶን ላይ የምታዩት «ትራንስ ፋት»ም የመጣው ከዚሁ ከኬሚስትሪው ነው፤ ከሰው ጾታ ጋር አይገናኝም። ባለቤቴ ስለጠየቀችኝ ነው ይቺን የጨመርኩት።

ወደ ሰው የተሻገረው በኋላ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ጾታ ተመራማሪ ፎልክማር ሲጉሽ በፈረንጆቹ 1991 ሲስን ለሰው አድርጎ በጀርመንኛ ጻፈ። በ1994 ደግሞ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማር የነበረች አንዲት ሴት፣ ትራንስ ያልሆኑትን የምትጠራበት ስም ፈልጋ ሲስጀንደር የሚለውን ኢንተርኔት ላይ ተጠቀመችበት። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2015 አስገባው። «ስድብ» ያላችሁት ከትዊተር ባለቤት ከኢሎን መስክ የወሰዳችሁት ይመስለኛል። በ2023 «ትዊተር ላይ ሲስ የሚለው እንደ ስድብ ይቆጠራል» ብሎ ነበር። እርግጥ ተናዶ ለሚወረውረው ሰው ስድብ የማይሆን ቃል የለም። «ፕሮፌሰር»ም እንደ አባባሉ ስድብ ነው። ቃሉ ሲወጣ ግን ለስድብ አልወጣም።

ሰው ለምን እንደሚከፋው ግን ይገባኛል፤ እኔም አንዴ ደርሶብኛል። ባሕር ዳር ድልድዩን ተሻግሮ ያለው ሰፈር ዓባይ ማዶ ይባላል። እኔ የምኖርበትን ወገን «ዓባይ ወዲህ» ያለው ሰው የለም። ከተማ ነው፣ በቃ። አንድ ጠዋት ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ተማሪ አርፍዶ ገባ። «እናንተ ማዶዎች ሁሌ ሰበባችሁ ድልድይ ነው» አልኩት። «ቲቸር፣ እኛ ጋ ማዶ የሚባለው እኮ እዚህ ነው» አለኝ። ክፍሉ ሲስቅ እኔ ጨስኩ። ልጁ ምንም ክፉ አልተናገረኝም። ማዶ ነው ያለኝ፤ እኔው ያልኩትን። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ የቆምኩበትም ስም ሊወጣለት እንደሚችል አስቤው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ጥር ጎረቤቴ የሆኑ እናት ሐኪም ጋ ላደርሳቸው ይዣቸው ሄድኩ። 78 ዓመታቸው ነው፣ የደጀን ሰው ናቸው። ፎርም ሰጡን። ጾታ የሚለው ስር ሳጥኑ ብዙ ነው። እኔም ጮክ ብዬ ሳነብላቸው «ሲስጀንደር ሴት» የሚለው ላይ ደረስኩ።

«ኧረ እኔ ሲስተር አይደለሁም» አሉኝ። «ሲስተሯ ያቻትና» ብለው ሰማያዊ የለበሰችውን ነርስ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«እማማ፣ ሲስተር አይደለም። ሲወለዱ ሴት የተባሉ፣ አሁንም ሴት ነኝ የሚሉ ሰው ማለት ነው።»

«ታዲያ ሴት አይበቃም?»

ይበቃ ነበር፤ ግን ጥያቄያቸውን እንዲያው ማለፍ አልፈለግሁም። የሮማውያኑን ትቼ የተማሪዬን ነገር አጫወትኳቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሰሙኝ።

«ልጁ እውነቱን ነው» አሉ። «እኛ ደጀን ሆነን ማዶ የምንለው ጎሐ ጽዮንን ነው። እነሱ ደግሞ እኛን።»

እስክሪብቶውን ተቀብለውኝ ሳጥኑ ላይ ራሳቸው ምልክት አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ሲስተሯ ግን መቼ ነው የምትጠራን?» አሉኝ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የኬሚስትሪ መምህር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ