«አጥብቅ» ስለው «ጠብቅ» ብሎ ሰማኝ

ይድረስ ለስፖርት ገጹ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ከደሴ፣ ከጦሳ ሥር ይድረስዎ። ሥራዬ ቪዲዮ መቅረጽ ነው። ሠርግ እቀርጻለሁ፣ ምረቃ እቀርጻለሁ። በክረምቱ እረፍት የሰፈር ልጆች ውድድር ሲኖር ደግሞ ካሜራዬን ይዤ ሜዳ እወጣለሁ። በ2014ቱ ጦርነት ዕቃዬን በሙሉ አጥቼ በአንድ አሮጌ ካሜራ እንደገና የጀመርኩ ሰው ነኝ። አሁን አልሐምዱሊላህ ሦስት ደርሰናል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ቃላት ነው። ኳስ በቀጥታ ሲተላለፍ ከካሜራው ጀርባ ያሉ ሰዎች የሚግባቡባቸው፣ ተመልካቹም የሚያየውን ነገር የሚረዳባቸው ቃላት። በአማርኛ አብዛኞቹ የሉንም። ያሉንንም ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ እንላቸዋለን።

ባለፈው ዓመት ሆጤ ሜዳ ላይ አንድ የወጣቶች ጨዋታ በኢንተርኔት በቀጥታ ለማስተላለፍ ተነሳን። ሦስት ካሜራ፣ አንድ ስዊቸር (የትኛው ካሜራ እንደሚተላለፍ የሚመረጥበት መሣሪያ)፣ አንድ ላፕቶፕ። አንደኛው ካሜራ በመሀል መስመሩ ትይዩ ከፍ ብሎ ሜዳውን በሰፊው ይይዛል። ሁለተኛው አጠገቡ ሆኖ ተጫዋቾቹን በቅርበት ይከተላል። ሦስተኛው ከጎሉ ጀርባ ነው። እኔ ስዊቸሩ ላይ ተቀምጬ በስልክ የጆሮ ማዳመጫ አዛለሁ። ሁለቱ ልጆች ከዩቲዩብ የተማሩ ስለሆኑ «ታይት» (በቅርበት ያዝ)፣ «ዋይድ» (በሰፊው ያዝ)፣ «ስታንድባይ» (ተዘጋጅ) ይገባቸዋል። ሁለተኛውን ካሜራ የያዘው የጎረቤቴ ልጅ ግን የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። እሱ እንዲገባው ብዬ በአማርኛ ማዘዝ ጀመርኩ።

ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ። የመቺውን ፊት ፈለግሁ። ወደ ልጁ ካሜራ ቀየርኩና ታይት ለማለት «ሁለት፣ አጥብቅ!» አልኩት። ምስሉ ንቅንቅ አይልም። «አጥብቅ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ድርቅ ብሎ ቆሟል። ኳሷ ተመታች፣ ገባች፣ ልጆቹ ተቃቀፉ። የእኛ ተመልካች ያየው ባዶ ሜዳና የአንድ ተከላካይ ጀርባ ነው። በኋላ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ጠብቅ ጠብቅ ሲሉኝ እኮ ነው የጠበቅሁት» አለኝ። አጃኢብ ነው! በሚቆራረጥ የስልክ መስመር፣ በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሀል፣ «አጥብቅ» እና «ጠብቅ» በምን ይለያሉ? ጥፋቱ የልጁ አልነበረም።

በሚቀጥለው ጨዋታ «ቅረብ» እና «ራቅ» ለመባባል ተስማማን። ከጎሉ ጀርባ ያለውን ልጅ «ሦስት፣ ቅረብ» ስለው ካሜራውን ተሸክሞ ወደ መረቡ ሄደ። ዳኛው ጨዋታ አቁሞ አስወጣው። በመጨረሻ የረጋነው «ሙላ» እና «ክፈት» ላይ ነው። «ሙላ» ሲባል ተጫዋቹ ምስሉን ይሙላው። «ክፈት» ሲባል ሜዳው ይታይ። ካሜራ ስቀይር መጀመሪያ «ሁለት ተዘጋጅ» እላለሁ፤ ቀጥዬ «ሁለት» ብቻ። በትልልቆቹ ጣቢያዎች ስርጭት ላይ ያለው ካሜራ ቀይ መብራት ይበራበታል። የእኛ መብራት ስለሌለው «ቀይ ነህ» እንለዋለን። ከዚያ ወዲህ በእንዲህ ያለ ምክንያት አንድም ጎል አላመለጠንም።

ከስታዲየም ውጪ የሚቆመው ትልቁ የስርጭት መኪና፣ ኦቢ ቫን የሚሉት፣ ውስጡም እንዲሁ ነው። በታላላቅ ጨዋታዎች ዳይሬክተሩ የሃያና ከዚያ በላይ ካሜራ ምስል ፊቱ ደርድሮ ያዛል። የሚጠቀምባቸው ቃላት አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አንድ ትርጉም ብቻ አላቸው። ሰከንድ የማይጠብቅ ሥራ በሌላ መንገድ አይሠራም።

ይህ የእናንተ የባለሙያዎቹ ጣጣ ነው ይሉኝ ይሆናል። እስቲ ወደ ቤቴ ልውሰድዎ። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል። ኳስ ግን ይወዳሉ፤ ምስሉን በጭላንጭል፣ ጨዋታውን በጆሮ ነው የሚከታተሉት። ጎል ይገባል፣ ኮሜንታተሩ ይጮኻል። ትንሽ ቆይቶ ያው ጎል ተመልሶ ሲታይ ኮሜንታተሩ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ስሜት እንደ አዲስ ይተርከዋል። አባቴ ብድግ ይላሉ።

«ሁለተኛ አገቡ እንዴ?»

«አይ አባባ፣ ያው የቅድሙ ነው።»

በአንድ ጨዋታ ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ እንባባላለን። ዓይኑ ደህና የሆነውም ሰው ቢሆን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ሻይ ሊያዝ ዞር ብሎ ሲመለስ ይኸው ነው የሚገጥመው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካ ጦር ሠራዊትና የባሕር ኃይል አካዳሚዎች የአሜሪካ ፉትቦል ሲጫወቱ፣ ቶኒ ቬርና የሚባል የአሜሪካው ቴሌቪዥን የሲቢኤስ ዳይሬክተር ያለፈውን ቅጽበት ከቪዲዮ ቴፕ ላይ ወዲያው መልሶ አሳየ። ዛሬ ሪፕሌይ ሲነሳ ስሙ አብሮ የሚነሳው ለዚህ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ኮሜንታተሩ ሊንዚ ኔልሰን ያደረገው ነው። ይህ ቀጥታ አይደለም፣ የጦር ሠራዊቱ ቡድን በድጋሚ አላስቆጠረም ብሎ ተመልካቹን አስጠነቀቀ። ሰው እንደሚደናገር ወዲያው ገብቶታል። እኛ ጋ ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ትዘለላለች!

እኛ የመረጥነው ቃል «ድጋሚ» ነው። ምስሉ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ «ድጋሚ» ቢባል አባቴ ይቀመጡ ነበር። አሁን ግን «ሪፕሌይ»፣ «ምልሰት»፣ «ስሎው ሞሽን» እንደ አንድ ነገር እየተቀያየሩ ይነገራሉ። አንድ አይደሉም። ድጋሚ በተለመደው ፍጥነትም ይታያል። ዝግታ ሌላ ነው። በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት ተራው ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። የዝግታ ካሜራ የሚባለው ለምሳሌ በሰከንድ 75 ይቀርጻል፤ ያ በ25 ሲጫወት አንዷ ሰከንድ ሦስት ትሆናለች።

ይህን ልዩነት ማወቅ ጠብ ያበርዳል። በዝግታ የታየ ንክኪ ሁሉ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። የቫር (የቪዲዮ ረዳት ዳኝነት) ደንብ ራሱ ዝግታውን በአብዛኛው ለሚለካ ነገር ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ንክኪው የት ጋ እንደነበረ፣ ኳሷ ወጥታ እንደሆነ ለማየት። ጥፋቱ ምን ያህል ከባድ ነበር የሚለውን ዳኛው በተለመደው ፍጥነት እንዲያየው ይላል። ፒያሳ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ «ቀይ ነው! አይቶ ነው የገባበት!» እየተባለ ወንበር ሲገፋ፣ የሚታየው ዝግታ መሆኑን ኮሜንታተሩ ቢናገር ስንቱ ረጋ ይል ነበር።

ከሁሉም የምወዳት ቃላችን «ማዶ» ናት። ዋናዎቹ ካሜራዎች በሜዳው በአንድ ወገን ነው የሚቆሙት። አለበለዚያ ወደ ቀኝ ሲያጠቃ የነበረው ቡድን ድንገት ወደ ግራ ሲሮጥ ይታያል። ከተቃራኒው ወገን የተነሳ ምስል ሲገባ የውጭዎቹ ጣቢያዎች ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ይጽፉታል። በአማርኛ «ከማዶ» ቢባል አለቀ! ደሴ ውስጥ ማዶን የማያውቅ ሰው የለም። በየቀኑ ከአንዱ ተረተር ሆነን ሌላውን የምናይ ሰዎች ነን።

ሕዝቡ ራሱ የሠራቸውም ቃላት አሉ። ፈረንጆቹ «የ18 ያርድ ካሜራ» የሚሉት፣ ኦፍሳይድ ጥሩ የሚያሳየው ካሜራ አለ። የእኛ ሰው ያንን የፍፁም ቅጣት ምት ክልል መስመር ከጥንት ጀምሮ «አሥራ ስድስት ከሃምሳ» ነው የሚለው። 18 ያርድ 16 ሜትር ከ50 ሳንቲም ነውና። እንግዲያው «የ16 ከ50 ካሜራ» እንበለው። ቃል በቃል መተርጎም ግን አያዋጣም። ጥግ ላይ ያለችውን የውጤት ማሳያ በእንግሊዝኛ በትንንሽ ነፍሳት ስም፣ «ባግ» ብለው ነው የሚጠሯት፤ ያንን አምጥተን ትኋን ብንላት ማን ይገባዋል? «የውጤት ማሳያ» ትበቃለች። «ቫር» እና «ካሜራ» ደግሞ ለምደናቸዋል፣ ይቆዩ። የድጋሚ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው በሌላው ዓለም በአንድ የቤልጂየም ኩባንያ ስም «ኢቪኤስ» ይሉታል። እኛም የታሸገ ውኃን ሁሉ «ሃይላንድ» እንል የለ? እንዲህ ያለውን መንካት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ጠንከር አድርጌ እላለሁ። ኮሜንታተሩ የት እንዳለ ይነገረን። ብዙ ጊዜ ስታዲየም ውስጥ አይደለም፤ ስቱዲዮ ተቀምጦ እኛ የምናየውን ያንኑ ምስል እያየ ነው የሚተርከው። ነውር የለበትም። ወጪ ይቀንሳል፣ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ሆኖም ካሜራው ያልሄደበትን አያይም። ከኳሷ ርቆ የወደቀውን፣ ዳር ላይ የሚያሟሙቀውን ተጫዋች አያይም። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሴካፋን ዋንጫ በመለያ ምት ስንወስድ የኮሜንታተሩ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ እስከ ዛሬ የሚታወሰው ሰውዬው እዚያው ስለነበረ ጭምር ነው። ስታዲየሙ በጉሮሮው ይሰማ ነበር። ዛሬም «ከስክሪን ላይ ነው የምናስተላልፍላችሁ» ቢባል ተመልካች አይሸሽም። ይልቅ ኮሜንታተሩ «ምን እንደተፈጠረ አልታየኝም» ሲል ያምነዋል።

በ2013 ዓ.ም. የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ በሱፐርስፖርት በቀጥታ መታየት ሲጀምር እኔና ልጆቹ ካሜራውን እየቆጠርን ነው ያየነው። የት ቆመ፣ መቼ ተቀየረ እያልን። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እንግሊዝኛው ስለከበዳቸው ብቻ ወደ ኋላ የሚሉ አሉ። አንዱ እኔ ጋ መጥቶ «ካሜራውን እችለዋለሁ፣ ቋንቋውን ነው የፈራሁት» ብሎኛል። ይህ ያሳዝነኛል።

የእርስዎ ጋዜጣ ሊረዳ ይችላል። በአንድ እትም «ሪፕሌይ»፣ በሌላው «ሪፕለይ»፣ በሦስተኛው «የምልሰት ምስል» ስትሉ አንብቤያለሁ። አንዱን ምረጡና ጽኑበት። ገጻችሁ ላይ ትንሽ ቦታ ከፍታችሁ ኮሜንታተሮችን፣ ካሜራ ማኖችን፣ ጋዜጠኝነት የሚያስተምሩ መምህራንን ብትጠይቁ ብዙ ቃል ይወጣል። የእኛን «ሙላ»፣ «ክፈት»፣ «ድጋሚ»፣ «ዝግታ» እና «ከማዶ» በደስታ እንሰጣለን። የተሻለ ያለው ያምጣ፣ የእኛን እንተዋለን።

አንድ ቃል ግን አቅቶናል። እርስዎን «አዘጋጅ» ብዬ ጀምሬያለሁ። ፕሮዲዩሰሩንም «አዘጋጅ» ይሉታል፣ ዳይሬክተሩንም «አዘጋጅ»፣ ፕሮግራም አቅራቢውንም «አዘጋጅ»። ኦቢ ቫን ውስጥ እኮ ፕሮዲዩሰሩና ዳይሬክተሩ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ምን ይነገር፣ መቼ ይነገር የሚለውን ይይዛል፤ ሌላው ካሜራ ይመርጣል። አንደኛው ልጃችን ለዳይሬክተሩ «መራጭ» ይሁን ብሏል፤ ሌሎቹ ምርጫ ቦርድ መሰለ ብለው አልተቀበሉትም። ከአንባቢዎቻችሁ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ አውጡልን። ክረምት ሳይገባ ብናገኘው ለሚቀጥለው ውድድር እንጠቀምበታለን።

አክባሪያችሁ
ቪዲዮ ቀራጭ፣ ከደሴ ሸዋ በር