መጽሐፉ በጆሮና በጣት እንዲነበብ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች

አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ዓይነ ስውር ናት፤ 11ኛ ክፍል ደርሳለች። ማታ ማታ መጽሐፍ የማነብላት እኔ ነኝ። ባዮሎጂ ላይ «ከላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ» የሚል ሲመጣ ቆም እላለሁ። ሥዕሉን በቃል አስረድቼ እስክጨርስ ምሽቱ ይነጉዳል። እኔ ካመመኝ ደግሞ የዚያን ቀን ጥናት የለም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጎበዝ ልጅ የእኔን መምጣት መጠበቅ አልነበረባትም።

ለዚህ ነው ጥቂት የሰፈር ሰዎች ተሰባስበን የመማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ መቅዳትና በብሬል፣ ማለትም በጣት በሚነበብ የነጥብ ጽሑፍ፣ ማዘጋጀት የጀመርነው። ድምፁ ፊደል ለሚምታታበት፣ መጽሐፍ ይዞ መግለጥ ለማይችል ተማሪም ይሆናል።

ብሬል ወረቀት ይበላል። «ደሴ» በቀለም ሲጻፍ ሁለት ፊደል ነው። በብሬል ግን ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ አራት ቦታ ይይዛል። ነጥቦቹ በጣት እንዲዳሰሱ ወረቀቱ ወፍራም መሆን አለበት፤ የደብተር ወረቀት አይችለውም። አንዱ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ኮምፒውተርም ሁሉን አያነብም። ፎቶ ተነስቶ የተላከ ገጽ ለስክሪን ሪደር፣ ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነበው ፕሮግራም፣ ሥዕል ብቻ ነው። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ኖት ደግሞ ትርጉም የሌለው ጩኸት ይሆናል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በዩኒኮድ፣ ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚያውቁት የፊደል አሠራር፣ እንደገና መጻፍ አለበት። መምህራን፣ እባካችሁ ኖት ስታዘጋጁ ይህን አስቡልን።

ኢትዮጵያ የማራካሽን ስምምነት በ2012 ዓ.ም አጽድቃለች። ስምምነቱ ማንበብ ለተሳናቸው መጽሐፍ ሲዘጋጅ የቅጂ መብት እንቅፋት እንዳይሆን መንገድ የሚከፍት ነው። ለእኛ የቀረው ጉልበትና ገንዘብ ነው።

ገንዘብ ያለው የብሬል ወረቀት ይግዛልን። ብሬል በእጅ የሚጻፍባቸው ሰሌዳና መውጊያ (ስሌትና ስታይለስ)፣ የማይጠቀምበት ላፕቶፕ ወይም ስማርት ስልክ ያለው ይስጠን። አማርኛ በፍጥነት የሚጽፍ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ያለው በሳምንት ሁለት ሰዓት ይስጠን። ጸጥ ያለ ክፍል የሚያውሰን ብናገኝማ! የደሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መቅዳት አይቻልም፤ ጋቢ ተከናንቤ የቀዳሁባቸው ቀናት አሉ።

አብሽሩ፣ ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት። አንድ ፍላሽ እንኳ ብዙ መጽሐፍ ይይዛል። የምትሰጡትን በየቅሬያችሁ ሰብሳቢ በኩል አድርሱልን። ስንት እንደተሰበሰበ፣ ምን እንደተገዛበት፣ ለየትኛው ተማሪ እንደደረሰ በቅሬው ስብሰባ ላይ ቆመን እንነግራችኋለን።