ማጠፊያው ይጠገን አልኩ እንጂ ይጽዳ አላልኩም

ለ፦ የቤት ዕቃ ጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ በጥገና ስም ስለተበላሸብኝ የላከር (ሥዕል ተሥሎበት ቫርኒሽ የተደረበበት) ሣጥን

ጤና ይስጥልኝ።

መስከረም 14 ቀን ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ይዤ ሱቃችሁ መጥቼ ነበር። የሁለቱም የክዳን ማጠፊያ ላልቶ ነበር። ደረሰኛችሁ ላይ በእጅ ጽሑፍ «ማጠፊያ ማጥበቅ ብቻ» ይላል። «ብቻ» የምትለዋን ያስጨመርኳት እኔ ነኝ። ቅጂውን አያይዣለሁ።

ጥቅምት 3 ቀን አንደኛውን ልወስድ ስመጣ የተቀበለኝ ልጅ ፈገግ ብሎ «የኔ እናት፣ በነፃ አጽድተን እንደ አዲስ አድርገንልዎታል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልጁን መቆጣት አልቻልኩም። ደስ ይላታል ብሎ ነው። እኔ ግን ሣጥኑን ሳየው እግሬ ከዳኝ።

ያ ሣጥን የመጣው ፓሌኽ ከምትባል የሩሲያ መንደር ነው። ሥሩ ላይ በወርቅ ቀለም የመንደሯ ስምና 1934 የሚል ቁጥር ነበረበት፤ በእነሱ አቆጣጠር። አባቴ በደርግ ጊዜ ሌኒንግራድ ሲማር የሩሲያኛ መምህርቱ ናት የሰጠችው። እሱ የሸሚዝ ቁልፍና የሰዓት ባትሪ ይከትበት ነበር። ጥንቁቅ ሰው አልነበረም፤ ሣጥኑ ግን ከእሱ እጅ በደህና ወጥቷል።

የፓሌኽ ሰዎች ድሮ ቅዱሳት ሥዕላት ሣዮች ነበሩ። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ገበያው ሲጠፋባቸው፣ በ1924 ማኅበር መሥርተው ያንኑ ሙያ ወደ ሣጥን አዞሩት። ቀለሙን በእንቁላል አስኳል ይበጠብጡታል። ወርቁን በቀጭን ብሩሽ ይስሉና በተኩላ ጥርስ ይወለውሉታል። በላዩ ቫርኒሽ ይደረብበታል። እናንተ በቲነር ስትጠርጉት መጀመሪያ የለቀቀው ቫርኒሹ ነው፤ ወርቁም ተከትሎት ሄደ። ክዳኑ ላይ የነበረችው የእሳት ወፍ ዛሬ ጅራት የላትም። ከ1934 የቀረውም 19 ብቻ ነው።

ጠርዙ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል። እንጨት መስሏችሁ ነው። ካርቶን ነው! ተደራርቦ በሙጫ የተጣበቀ፣ የተጨመቀ፣ በተልባ ዘይት ተነክሮ ምድጃ ውስጥ የደረቀ ካርቶን። አሁን ውስጡ ወጥቷል፤ እርጥበት ከገባበት ይጣመማል። ይህ ሁሉ ሳያንስ የቁምሣጥን ቫርኒሽ ተቀብቶበት እንደ ከረሜላ ያብረቀርቃል።

እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ስሰበስብ 11 ዓመቴ ነው፤ ዘጠኝ ደርሰውልኛል። ፀሐይ እንዳትበላቸው ከመስኮት አርቄ አስቀምጣቸዋለሁ። አቧራቸውን የማነሳው ካረጀ ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ፣ በደረቁ ነው። ውኃ እንኳ አላስነካቸውም። እናንተ ቲነር!

የከፈልኩት 1,800 ብር ይመለስልኝ። ከዚያ በላይ የምፈልገው ግን ወረቀት ነው፦ ምን ዓይነት ቲነር፣ ምን ዓይነት ቫርኒሽ፣ ስንት እጅ እንደተቀባ በጽሑፍ ስጡኝ። ሊያድነው የሚሞክር ባለሙያ ይህንን ሳያውቅ እጁን ባያነሳ ይሻለዋል። በስልክ «መልሰን እናስተካክለዋለን» ብላችሁኛል። አመሰግናለሁ፣ አይሆንም። ስለ ካሳው ጉዳቱ ከተገመተ በኋላ እንነጋገራለን።

ሁለተኛው ሣጥን አሁንም እናንተ ዘንድ ነው። ፌዶስኪኖ የምትባል የሌላ የሩሲያ መንደር ሥራ ነው፤ ሦስት ፈረሶች የሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተሥሎበታል። ይኼኛው በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን ከበረዶው ሥር የሚያብለጨልጭ ስስ የዛጎል ቁራጭ አለበት። ከአንዲት ጡረተኛ አስተርጓሚ ሦስት ዓመት ለምኜ ነው የገዛሁት። ሐሙስ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ። ማጠፊያው እንደላላ ይቆይ። አቧራ ቢይዘውም እንዳትጠርጉት።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ