ምናባዊ ልቦለድ ለወሎ እንግዳ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ ደሴ ፒያሳ ካለ አዟሪ እየገዛሁ፣ ከፊት ገጹ በፊት የኪነ ጥበብ ዐምዱን ገልጬ የማነብ አንባቢያችሁ ነኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ አዳዲስ መጻሕፍት በዚሁ ዐምድ የወጣ አንድ አጭር ጽሑፍ፣ ብዙዎቻችን ፋንታሲ የምንለውን ምናባዊ ልቦለድ ከባሕር ማዶ የተቀዳና ከልጆች ንባብ ያለፈ ፋይዳ የሌለው ዘርፍ አድርጎ በሁለት ዐረፍተ ነገር አልፎታል። እኔ በዚህ ዘርፍ ዐሥራ ሁለት ዓመት የጻፍሁ፣ ሦስተኛው መጽሐፌም በዚህ ወር ከማተሚያ ቤት የወጣልኝ የወሎ ሰው ነኝና፣ እነዚያ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መልስ ሳያገኙ እንዲቀሩ ኅሊናዬ አልፈቀደም። ብዕር ያነሣሁት ጸሐፊውን ለመንቀፍ አይደለም። ዘርፉ ከእኛው አፈር ሊበቅል እንደሚችል፣ በቅሎም እንደሚገኝ፣ በሥራዬ ካየሁት ተነሥቼ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የምኖርበትን ከተማ አነሣሥ ላንሣ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ስፍራ ሰፍረው ሳሉ ረጅም ጅራት ያለው ኮከብ በሰማይ አይተው እጅግ በመደነቃቸው ከተማ እንደ ቆረቆሩና በደስታቸውም ስሙን እንዳወጡለት ሲነገር እየሰማን ነው ያደግነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ እንደ ነበረ ደግሞ የሥነ ፈለክ መዛግብት ይመሰክራሉ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ሐይቅ ስንደርስ ሌላ ትረካ እናገኛለን። አንዲት ልዕልት በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ፈጸመች፤ ፈጣሪም ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ወደ ውሃ ለወጠው፤ ግፈኛይቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች፤ የተበደለችው ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትም ያ መሬት ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ይህን በልጅነቷ የሰማች ጸሐፊ፣ ፍርድ በተጓደለ ቁጥር ምድሩ ወደ ውሃ የሚለወጥበት አገር በልቦለድ ብትፈጥር፣ ከማን ተበደረች ሊባል ነው?

በምናብ ብቻ የሚታሰብ የሚመስለው ነገር በወሎ ምድር በእውን የተፈጸመበትም ጊዜ አለ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከሕንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ ከባድ መሣሪያዎቹን ያንን ሁሉ ገደልና ሸለቆ በእነርሱ ጀርባ አሻግሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ከአምባው የተዘረፈውን ሀብት ወደ ደላንታ ሜዳ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገው ነበር። ከዚያ ዘረፋ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለንደን ገብተው ዛሬም እዚያው ይገኛሉ። ይህን ያነበብሁ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዐይነ ኅሊናዬ የታየችኝ በደላንታ ሜዳ ላይ ከብት የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ነበረች፤ በሕይወቷ አይታው የማታውቀው ግዙፍ እንስሳ መጽሐፍ ተሸክሞ በፊቷ ሲያልፍ ቆማ ታያለች። ሁለተኛው መጽሐፌ ከዚያች ሥዕል የተወለደ ነው። አገሩን ለወጥሁት፣ እንስሳውን ሌላ አደረግሁት፣ ነገር ግን ልጅቱንና ከጭነቱ ሾልኮ መሬት የወደቀውን አንድ ቅጠል ብራና እንዳሉ ተውኋቸው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ምናባዊ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ይጠይቁኛል። ቀኔ የሚያልፈው ከሁሉ በላይ በማዳመጥ ነው። አያቴ ቡና አፍልታ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ «ተረት ተረት» ስትል እኛ «የላም በረት» እያልን የተቀበልናት ጊዜ ዛሬም የሥራ ሰዓቴ መነሻ ነው፤ አንድ ምዕራፍ ጽፌ ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማነበው፣ እርሷ ትንፋሽ ትወስድ በነበረበት ቦታ ላይ ዐረፍተ ነገሬም ትንፋሽ መውሰዱን ለማረጋገጥ ነው። ቃላትን መልቀም ደግሞ የማልጠግበው ፍቅሬ ነው። በቦርሳዬ የማትለየኝ ትንሽ ደብተር አለችኝ። ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚያድርበት በክረምት ወራት ካፊያ፣ ዶፍ፣ ወጨፎና ጭጋግ፣ በበጋው ብርድ ደግሞ ውርጭና አመዳይ የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ሰው አፍ ላይ የገቡበትን ሁኔታ ጽፌባታለሁ። ካፊያ ሲሆን ገበያተኛው መንገዱን አይተውም፣ ወጨፎ ሲሆን ግን በር ይዘጋል፤ በልቦለዴ ውስጥ የሰዎቹን ጠባይ ሳይቀር የምለየው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። በፈጠርሁት ዓለም አራት ሕዝቦች አሉ፤ የየአንዳንዳቸውን አነጋገር የቃኘሁት ወሎ ለአገሩ ሙዚቃ ስሙን ባሰማባቸው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ነው። የአምባሰል ሰዎቼ ሲናገሩ ዐረፍተ ነገሩ እንደ ተራራው ይረዝማል፣ የትዝታዎቹ ደግሞ ወደ ኋላ እያዩ ይናገራሉ። ይህንን አንባቢ ላያስተውለው ይችላል፤ እኔ ግን ሳልቃኝ መጻፍ አልችልም።

ምናብ ሕግ የለውም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ይህን የተማርሁት ደግሞ ከመጽሐፍ ሳይሆን ባቲ ገበያ ላይ ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ከቆላና ከደጋ ተገናኝቶ የሚገበያይበት ነው፤ እኔም ግመል በቅርብ ለማየትና አጫጫኑን ለማወቅ ደጋግሜ ወርጃለሁ። አንድ ሰኞ ጥላ ሥር ተቀምጬ በእጄ የሣልሁትን የመጽሐፌን ካርታ ስመለከት፣ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የግመል ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጠው ምን እንደ ሆነ ጠየቁኝ። መንገዱን፣ ከተሞቹንና የጨው ጭነት የሚሄድበትን በረሃ በጣቴ እየነካሁ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ እነዚህ ግመሎች ውሃ የሚጠጡት የት ነው?» አሉኝ። «አባቴ፣ ይህች አገር እኮ በእውን የለችም፣ ከሐሳቤ ያወጣኋት ናት» አልኋቸው። «አገሪቱስ ባትኖር፣ ግመሉ ግመል ነው ካልሽ ውሃ ይፈልጋል» አሉና በበትራቸው ጫፍ ካርታው ላይ ሁለት ቦታ አሳዩኝ። ዛሬ በታተመው ካርታ ላይ ያሉት ሁለቱ የውሃ ጉድጓዶች እርሳቸው ያሳዩኝ ናቸው፤ ስለ ጉድጓዶቹም ሲባል ሰባተኛውን ምዕራፍ እንደ ገና ጻፍሁት፣ ምዕራፉም ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለው ሆነ። በዚህ ዘርፍ የሚጽፍ ሰው የፈለገውን ዓለም መፍጠር መብቱ ነው፤ ከፈጠረው በኋላ ግን ለፈጠረው ነገር የመታመን ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ ደግሞ አዋቂ አንባቢ የሚፈትነው እንጂ ለልጆች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለይቼ ላስቀምጥ እወዳለሁ። የላሊበላን ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት መላእክት በሌሊት አግዘው እንደ ፈለፈሏቸው የሚያምነው ምእመን፣ ጀማ ንጉሥ ላይ ለመውሊድ ተሰብስቦ በመንዙማው የሸኾቹን ከራማ የሚያነሣው ሙስሊም፣ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ እምነታቸው ነው፤ እምነታቸውንም ለልቦለድ ጥሬ ዕቃ ማድረግ አግባብ አይመስለኝም። በሦስቱም መጻሕፍቴ ውስጥ ገድል ወይም ከራማ ወስጄ ስም ቀይሬ የተጠቀምሁበት አንድም ቦታ የለም። የወሰድሁት ጆሮን ነው፤ ይኸውም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቡና ዙሪያ ተቀምጦ ከዐይን የተሰወረውን ነገር ያለ እፍረት የሚያወራበትን፣ ሌላውም ሳያቋርጥ የሚያዳምጥበትን የወሎ ልማድ ነው።

ወደ ኅትመቱ ጉዳይ ልመለስ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነበርና፣ የእኔ የመጀመሪያ መጽሐፍ አዲስ አበባ ታትሞ 400 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዞ ደሴ መግባቱን እንደ ትልቅ ችግር አላነሣውም። ያሳተምሁት በእቁብ ገንዘብ ነው፤ 1,000 ቅጂ። ካርቶኖቹ የደረሱት በመሸ ሰዓት በጭነት መኪና ነበር፤ እህቴና እኔ ሳሎን መሬት ላይ ዘርግፈናቸው ቀለሙ ቤቱን ሲያውደው፣ በጀርባ ሽፋኑ ላይ 978-99944 ብሎ የሚጀምረውን የኢትዮጵያ መጻሕፍት መለያ ቁጥር በጣቴ ደጋግሜ ነካሁት። ከዚያ እህቴ አንዱን ገልጣ ስታነብ ቆየችና ድንገት ዝም አለች። ከገጽ 97 እስከ 112 ያለው ሁለት ጊዜ ተጠርዟል፣ ከ113 እስከ 128 ያለው ደግሞ የለም። ከመጽሐፉ የጠፉት ዐሥራ ስድስት ገጾች ዋናዋ ባለታሪክ እናቷ ማን እንደ ሆነች የምታውቅባቸው ገጾች ነበሩ። ያን ሌሊት እስኪነጋ አንዱንም ሳንተው ገጽ በገጽ ፈተሽን፤ እንደዚያ ሆነው የተጠረዙ ሠላሳ አንድ ቅጂዎች አገኘን። ማተሚያ ቤቱ ጥፋቱን ተቀብሎ ተካልን። እኔ ግን አንዷን ቅጂ አስቀርቻለሁ፤ አዲስ መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት በላክሁ ቁጥር አውጥቼ አያታለሁ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ገና ረቂቅ ሳለ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ከቤት ስንወጣ ሦስት ደብተሮች በነጠላ ጠቅልዬ ወገቤ ላይ ታጥቄ ወጣሁ፤ ስንመለስ ቤቱ ውስጥ የነበረው ኮምፒውተር አልነበረም። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ መጽሐፉ በእጅ ከተጻፉት ከእነዚያ ደብተሮች ተቀድቶ መታተሙን መናገር ይበቃል። የዚህ መጽሐፍ ምረቃ ደሴ ውስጥ ሲካሄድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ለእኔ ከምረቃው የሚበልጥብኝ ግን ከወራት በኋላ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስመጣ ያየሁት ነው። ከፊቴ የተቀመጠ የማላውቀው ተማሪ መጽሐፌን ከፍቶ ያነባል፤ በሐረጎ መጠማዘዣዎች ላይ ሚኒባሷ ስትዘም እንኳ ዐይኑን አላነሣም፤ ገጹን ሲገልጥ ከግርጌው የታጠፈ ምልክት ስላየሁ ለሁለተኛ ጊዜ እያነበበው እንደ ሆነ ገመትሁ። አላናገርሁትም። ከሚያነብበት ዓለም ማስወጣት ኃጢአት መሰለኝ።

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ውዳሴ አይደለም። የኪነ ጥበብ ዐምዳችሁ ምናባዊ ልቦለድን ሌላውን ልቦለድ በሚመዝንበት ሚዛን ይመዝነው፤ ቋንቋው ደካማ ከሆነ ደካማ ነው ይበል፣ የፈጠረው ዓለም እርስ በርሱ ከተጣረሰ የተጣረሰበትን ቦታ ያሳይ፤ መጽሐፉን ሳያነብ ግን በዘርፉ ስም ብቻ አይለፈው። በደሴ፣ በወልድያ፣ በከሚሴና በሌሎችም የክፍለ ሀገር ከተሞች በራሳቸው ገንዘብ የሚያሳትሙ ወጣቶች መኖራቸውንም ዐምዱ ቢያስታውስ እወዳለሁ፤ መጽሐፋቸው አዲስ አበባ ውስጥ ስላልተመረቀ ብቻ ወሬው ጋዜጣ ላይ ሳይደርስ እየቀረ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል በምናባዊ ልቦለድ ላይ የሚደክሙ እንዳሉ ረቂቃቸውን ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ አያለሁ፤ አንዳንዱ ረቂቅ ከእኔ የመጀመሪያ መጽሐፍ ይበልጣል።

የሦስተኛውን መጽሐፌን ሁለት ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአውቶቡስ ልኬያለሁ። አንዱ ለዝግጅት ክፍላችሁ መደርደሪያ ነው። ሁለተኛውን፣ ካርታውን ከፊቱ ዘርግቶ መንገዱን በጣቱ እየተከተለ ለሚያነብና ያገኘውን ጉድለት ሳይሸሽግ ለሚጽፍ ባልደረባችሁ እንድትሰጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ወሎ