ከችካሉ በፊት የተረሳው አንቀጽ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አሰብና ስለ ቀይ ባሕር የሚደረገው ክርክር በጋለ ቁጥር ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነታቸውን ለመቋጨት የፈረሙት የአልጀርስ ስምምነትም አብሮ ይነሳል። አንዱ «ሞቶ ተቀብሯል» ይላል፤ ሌላው «የመጨረሻና አስገዳጅ ነው» ይላል። ሰነዱን ገልጦ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዲሴምበር 2000 የተፈረመው ስምምነት አንቀጽ 4 አምስት አባላት ላሉት የድንበር ኮሚሽን የሰጠው ሥራ ጠባብ ነበር፤ የ1900፣ የ1902 እና የ1908 የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችንና ዓለም አቀፍ ሕግን ይዞ ወሰኑን መወሰን፣ ከዚያም መሬት ላይ ማካለል። ነዋሪውን አይቶ በርትዕ የመፍረድ ሥልጣን በግልጽ ተነፍጎታል፤ የነፈጉትም ሁለቱ ፈራሚ መንግሥታት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ በኤፕሪል 2002 መስመሩ በትግራይ ድንበር ላይ ያለውን ኢሮብን ለሁለት ሲከፍል፣ «ኮሚሽኑ ሕዝቡን አላየም» ብሎ መውቀስ ያልተሰጠውን ሥልጣን መጠየቅ ነው።

ባድመም የወደቀችው በዚሁ አሠራር ነው። የሰቲት ወንዝ ከቶምሳ ወንዝ ከሚገናኝበት ነጥብ የመረብ ወንዝ ከማይ አምበሳ ወንዝ እስከሚገናኝበት ቀጥ ያለ መስመር ተሰመረ፤ ባድመ ከመስመሩ በስተምዕራብ፣ በኤርትራ በኩል ቀረች። የውሳኔው ካርታ ስሟን ስላልጠቀሰ አዲስ አበባ ላይ የደስታ መግለጫ ወጣ፤ በማርች 2003 ግን ኮሚሽኑ ኤርትራ ውስጥ እንደሆነች በግልጽ ጻፈ። ያ የአንድ ዓመት ብዥታ ብዙ ጉዳት አድርሷል።

መስመር ካርታ ላይ ሲታይ ቀላል ነው። በ1፡25,000 ካርታ አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 25 ሜትር ይሆናል፤ የእርሳስ ጫፍ ብቻ የአንድ ገበሬ ጓሮ፣ ምናልባትም የውኃ ጉድጓዱን ጭምር ይሸፍናል። ቀያሹ ቦታው ሲደርስ ፈንጂ ይጸዳለታል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የኮንክሪት ችካል ይተከላል። ችካሉ በአንድ ቤትና በእርሻው መካከል ቢውል ቀያሹ ስንዝር ማዛወር አይችልም።

መውጫው ግን ተጽፎ ነበር። ኮሚሽኑ በ2002 ያወጣው የማካለል መመሪያ፣ መስመሩ ከተማን ወይም መንደርን የሚከፍል ከሆነ፣ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው በጋራ በግልጽ ከጠየቁ ሊሻሻል እንደሚችል ይላል። በጋራ የቀረበ ጥያቄ ግን አልነበረም። ኢትዮጵያ በኖቬምበር 2004 ባለ አምስት ነጥብ ሐሳብ ይዛ «ውሳኔውን በመርህ ደረጃ ተቀብያለሁ፣ እንነጋገር» አለች፤ ኤርትራ «መጀመሪያ ይካለል» አለች። አንዱ ወገን ብቻውን የጻፈው ደብዳቤ፣ የቱንም ያህል እውነት ቢይዝ፣ ያንን በር አይከፍትም። ኮሚሽኑ በኖቬምበር 2007 ድንበሩን በካርታ መጋጠሚያ ነጥቦች እንደተካለለ ቆጥሮ ሥራውን ዘጋ። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪም በ2008 ወጣ።

ከዚህም የባሰ የተረሳ አለ። የአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 16 መሬት ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር በነዋሪዎች ላይ የሚደርሰውን ችግር ለመፍታት የተባበሩት መንግሥታት እንዲያግዝ ይጠይቃል። በድንበሩ ላይ የሚኖረው የኢሮብና የኩናማ ሰው ስሙ ሊነሳ የሚችልበት ቦታ ይህ ነበር፤ ማንም አልተጠቀመበትም። ሁለቱ መንግሥታት የፈረሙት የ2018ቱ የአስመራ መግለጫም ውሳኔው ተግባራዊ እንደሚሆን ተናገረ እንጂ ቀን አልቆረጠም፣ ፈጻሚ አካልም አላቆመም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የተከፈተው፣ በድንበር ከተማዋ በዛላምበሳ የሚያልፈው መንገድ በወራት ውስጥ ተዘጋ። በፌዴራል መንግሥትና በሕወሓት መካከል የተደረገው የ2022ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት የፌዴራል ሠራዊት በዓለም አቀፍ ድንበሮች ላይ እንዲሰማራ ቢደነግግም፣ ኤርትራ ፈራሚ አልነበረችም።

እንግዲህ ሥራው ከችካል አይጀምርም። መጀመሪያ መስመሩ የሚነካው እያንዳንዱ መንደር በስም ይመዝገብ፤ ቤቱ፣ እርሻው፣ የግጦሽ መሬቱ፣ የውኃ ቦታው፣ ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ የትኛው ወገን እንደሚውል ነዋሪው ባለበት ይለይ። ከዚያ ማን የትኛውን ዜግነት እንደሚይዝ፣ ገበሬው ተሻግሮ እንዴት እንደሚያርስ ሁለቱ መንግሥታት ይስማሙ፤ የጋራ ጥያቄውም በዚህ ዝርዝር ላይ ይጻፍ። ይህ የኤርትራን «ውሳኔው አይሸራረፍ» የሚል አቋም አይነካም፤ ማሻሻያውን የፈቀደው ራሱ ኮሚሽኑ ነውና። ቀያሹም የፈንጂ አጽጂውም የሚላኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ጋዜጣችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አንቀጽ 4ን ከንዑስ አንቀጽ 1 እስከ 16 ሳይቆራረጥ በአማርኛ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ