«ማን ይወርድልኛል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። አየር መንገዶች ከወንበር በላይ ትኬት ስለመሸጣቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ጉዳዩን በደንብ አስረድተዋል። መጨረሻ ላይ ግን ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ ኩባንያው መንገደኛን ማውረድ መብቱ ነው ብለው ደምድመዋል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ለማስረዳት ከአውሮፕላኑ በፊት ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ልነሳ።

ያለፈው ጥር ነው። የደብረ ብርሃንን የጥር ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውርጩ ሜዳውን ነጭ አልብሶታል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ገና ሳይነጋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከኋላ ጥግ ይዣለሁ። ከፊቴ አንዲት እናት ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከመሐል ሜዳ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጡት፤ ሌሊቱን ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት አድረዋል። ዓይናቸውን ለመታየት አዲስ አበባ ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው። የሪፈር ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጉያቸው ውስጥ ይዘዋል። ሒሳባቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲከፍሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

መኪናው ሞላ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ይሄኔ ረዳቱ አንድ ጎልማሳ ይዞ መጣ። ሰውየው የዚያው ባለንብረት የሌላ መኪና ሾፌር ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ የገባ መኪና አውጥቶ መመለስ አለበት። ወንበር ግን የለም። ረዳቱ ዓይኑን ከፊት እስከ ኋላ አዞረና እናትየዋ ላይ አሳረፈው።

«እማማ፣ እርስዎ ይውረዱ። ከኋላ ያለው መኪና ይጭንዎታል።»

«ልጄ፣ ከፍዬ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ እኮ። ቀጠሮ አለብኝ።»

«ቀጣዩ አሁን ይወጣል አልኩዎት!»

«አልወርድም።»

ክንዳቸውን ይዞ ጎተታቸው። ጋቢያቸው ተንሸራቶ ወደቀ። ፌስታሉም ወደቀ። ረዳቱ ብራቸውን እጃቸው ላይ አስጨበጣቸውና በሩን ዘጋው። መኪናው ወጣ።

አንድ ወጣት ብቻ «ኧረ ነውር ነው!» አለ። ሌላው ዝም። እኔም ዝም። እስከ ጫጫ ድረስ በመኪናው ውስጥ ያወራ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ዝምታችን ብቻ አይደለም። እኔ የዚያን ቀን ምንም አያስቸኩለኝም ነበር። ዘመድ ልጠይቅ ነው የምሄደው፤ ጠዋት ብደርስ፣ ከሰዓት ብደርስ ለውጥ የለውም። ረዳቱ «ጎበዝ፣ አንድ ሰው ብቻ ቀጣዩን መኪና ቢጠብቅልኝ፣ ሒሳቡን መልሼ የቁርስ እጨምርለታለሁ» ቢል እወርድለት ነበር። የቁርሱ ብር ባይኖርም እወርድ ነበር። ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ግን ሸኖ ስንደርስ ነው። ሳልጠየቅ ተነስቼ «እሳቸውን ተዋቸው፣ እኔ ልውረድ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጥፋቴ ነው።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ ልምጣ። አንድ መንገደኛ ከአውሮፕላን ውስጥ በጉልበት ሲጎተት የሚያሳየውን ቪዲዮ ብዙ ሰው አይቶታል። ሚያዝያ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር፤ ዕለቱ ሆሳዕና ነው። ዩናይትድ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ከቺካጎ ወደ ሉዊቪል በሚያበረው በረራ መንገደኞች ሁሉ ገብተው ወንበራቸውን ይዘዋል። አውሮፕላኑ ትንሽ ነው፣ 70 ሰው ገደማ የሚጭን። ይሄኔ አራት የኩባንያው ሠራተኞች መጡ። በማግሥቱ ከሉዊቪል የሚነሳ በረራ ላይ ስለሚሠሩ የግድ መሄድ አለባቸው ተባለ። ልብ በሉ፣ ኩባንያው ራሱ በኋላ እንደተናገረው በዚያ በረራ ላይ ትኬት ከወንበር በላይ አልተሸጠም። የጎደለው ለራሱ ሰዎች የሚሆን ቦታ ነበር። የእኛ ረዳት ጉዳይም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ለሚወርድ ሰው 400 ዶላር ተባለ። ቀጥሎ 800 ዶላር። ያውም በእጅ የሚቆጠር ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ለሌላ ጉዞ የሚያገለግል ኩፖን ነው። የሚነሳ ጠፋ። ኩባንያው እዚያ ላይ መጨመሩን አቆመና አራት ሰው መረጠ። ሦስቱ ወረዱ። አራተኛው የ69 ዓመት ሐኪም ነበሩ። ጠዋት የሚጠብቁኝ ሕሙማን አሉ፣ አልወርድም አሉ። የአየር ማረፊያው የጥበቃ ሰዎች ተጠርተው መጡና ከወንበራቸው መንጭቀው በመተላለፊያው ላይ መሬት ለመሬት ጎተቷቸው። አፍንጫቸው ተሰበረ፣ ሁለት ጥርሳቸው ወለቀ፣ ጭንቅላታቸው ተጎዳ። የኩባንያው ኃላፊ መጀመሪያ ባወጡት መግለጫ ይቅርታ የጠየቁት መንገደኞችን ወደ ሌላ በረራ ለማዛወር በመገደዳችን ነው ብለው ነበር። ደም ያየ ሰው ሁሉ በዚህ ቃል ተቆጣ። ከዚያ በኋላ ነው ትክክለኛው ይቅርታ የመጣው። ያ ወር ሳያልቅ ኩባንያው ከሐኪሙ ጋር ካሳ ተስማማ፤ በፈቃዱ ለሚወርድ መንገደኛ የሚከፈለውንም እስከ 10,000 ዶላር አደረሰው።

እስቲ ይህን ቁጥር አስቡት። በ800 የቆመው እጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ 10,000 ላይ መድረስ ከቻለ፣ የዚያን ዕለትም 1,000፣ 1,500፣ 2,000 ማለት ይችል ነበር። ከቺካጎ ሉዊቪል በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ 2,000 ዶላር ይዞ በመኪና የሚሄድ ሰው አይጠፋም ነበር። ለሠራተኞቹም መኪና መቅጠር ይቻል ነበር። ኩባንያው ገንዘቡን ቆጠበ፤ ጎደሎውን ጥበቃ ጠርቶ በጉልበት ሞላው። በኩባንያውና በመንገደኛው መካከል የነበረው የንግድ ውል ነው። ሐኪሙ አልሰረቁም፣ ሰው አልመቱም። ትኬት ገዝተው በተሰጣቸው ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት።

የኩባንያዎቹንም ችግር አልክድም። እኛ ደብረ ብርሃኖች የወተት ሀገር ሰዎች ነን። ወተት ሳይሸጥ ቢያድር እርጎ ይሆናል፣ ይናጣል፣ ቅቤ ይወጣዋል። ባዶውን የበረረ ወንበር ግን ምንም አይወጣውም። ትኬት ቆርጦ የሚቀር ሰው ሁልጊዜ አለ፤ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ከሌላ በረራ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ኩባንያው ስንት ሰው እንደሚቀር አስልቶ ጥቂት ትኬት ጨምሮ ይሸጣል። ስሌቱ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ለትኬት ዋጋ መቀነስም ይረዳል። እሺ። የማልቀበለው ስሌቱ በሳተ ቀን የስህተቱን ዕዳ ያልተሳሳተው ሰው ይክፈል መባሉን ነው። ትርፉን የሚወስደው ኩባንያው ከሆነ ኪሳራውንም ይውሰድ።

ደግሞስ ዕዳው የሚወድቀው ማን ላይ ነው? አየር መንገዶች ማን እንደሚቀር ሲመርጡ የሚያዩት ትኬቱ ስንት ብር እንደተቆረጠ፣ ማን ዘግይቶ ቼክ ኢን እንዳደረገ (ለበረራው እንደተመዘገበ)፣ ማን የኩባንያው የዘወትር ደንበኛ እንደሆነ ነው። ሒሳቡ በማሽን ስለሚሠራ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከደብረ ሲና ተነስታ ወደ ዓረብ ሀገር የምትሄደውን ልጅ አስቧት። ትኬቷ ርካሹ ነው። የዘወትር ደንበኛ አይደለችም፤ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። በሰው ሀገር አየር ማረፊያ «ነገ ነይ» ቢሏት መብቷን የምትጠይቅበት ቋንቋ የላትም። በማሽኑ ሒሳብ የመጀመሪያዋ ቀሪ እሷ ናት።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ጁልያን ሲሞን የሚባል አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነበር። በእሱ ዘመን አየር መንገዶች ከበረራ የሚያስቀሩት ሽማግሌዎችንና ወታደሮችን ነበር ይላል፤ ምክንያቱም ብዙ አያጉረመርሙም ተብሎ ይታሰባል። ይህን ሳነብ የእናትየዋ ጋቢ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው። ረዳቱ ዓይኑን ሲያዞር የፈለገው ማን ዝም ይላል የሚለውን ነበር። ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1968 ቀላል መላ አቀረበ። ወንበር ሲጠብ መንገደኞቹን ጠይቁ፤ ለመቆየት የሚፈልጉትን ዋጋ ይናገሩ፤ በትንሹ ዋጋ የተስማማው ይቅር። አየር መንገዶቹ አይሆንም አሉ፣ አጣጣሉት። ከ10 ዓመት በኋላ ገደማ ግን የአሜሪካ መንግሥት በፈቃዳቸው የሚቀሩ ሰዎችን አስቀድሞ መጠየቅን ደንብ አደረገው። ብዙ ሚሊዮን ሰው ከዚያ ወዲህ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ደስ ብሎት፣ ቀጣዩን በረራ ጠብቋል። መጠየቅ እንዲህ ይሠራል።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ አልደብቀውም። በገንዘብ ከሆነ ሁልጊዜ የሚነሳው ድሃው አይሆንም ወይ? ብዙ አሰብኩበት። አዎ፣ ድሃ ቶሎ ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን ሲጠየቅ «አይ» ማለት ይችላል። እናትየዋ ለዓይናቸው ቀጠሮ ብለው 500 ብርም ቢሰጣቸው እንቢ ይሉ ነበር፤ እኔ በነፃ እወርድ ነበር። ጥያቄው መቆየት የሚችለውንና የማይችለውን ይለያል። ክንድ መያዝ ግን ደካማውንና ጉልበተኛውን ብቻ ነው የሚለየው። ታዲያ ሲጠየቅም ሰው ሁሉ በሚገባው ቋንቋ፣ ጮክ ተብሎ፣ በጥሬ ገንዘብ ይሁን። ጥግ ላይ በሹክሹክታ፣ በማይታወቅ ኩፖን ከሆነ ማታለል ነው።

በእኛ ሀገር ከመቀመጫ መነሳት ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ነው። ሽማግሌ ሲገባ «ኖር!» ብለን ብድግ እንላለን። እሳቸውም «በእግዚአብሔር!» ብለው እንድንቀመጥ ይለምኑናል። የተነሳው ከበረ፣ የተነሱለትም ከበሩ። በሰርግ ቤት ግን የተቀመጠን እንግዳ ክንዱን ይዞ የሚያስነሳ ደጋሽ አይተን አናውቅም። እንግዳ ቢበዛበት ደጋሹ የራሱን ዘመዶች በዓይኑ ይጠቅሳል፣ እነሱ ወጥተው ዳሱ ጥግ ይቆማሉ። ሐኪሙን ያስነሳው ኩባንያና የእኛ ባለንብረት ያደረጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። እንግዳውን አስነስተው የቤቱን ሰው አስቀመጡ።

ጸሐፊው ስለጠቀሱት ደንብም ልናገር። ደንቡ ራሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቼክ ኢን አድርጎ ቦርዲንግ ፓሱን (የመሳፈሪያ ወረቀቱን) በር ላይ ያስረከበን መንገደኛ ያለፈቃዱ ማስወረድን ከልክሏል። ለደኅንነት ወይም ለጤና አስጊ የሆነ ሰው ሲኖር ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱን ማንም አይቃወምም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ ኩባንያው በፈቃዱ የሚቀር ሰው አስቀድሞ መፈለግ አለበት። ካጣና ሰው በግድ ካስቀረ እንደ በረራው ርቀት 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ይከፍላል። ከአውሮፓ ለሚነሳ መንገደኛ ሁሉ ይሠራል፤ ከዚያ ወደ ሀገሯ የምትመለስ የእኛ ሀገር ልጅንም ይጨምራል። ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው።

ለመሆኑ በመናኸሪያችን ከፍሎ የተቀመጠ መንገደኛ ምን መከታ አለው? ትርፍ የጫነ መኪና ትራፊክ ሲይዘው ይቀጣል፤ ጥሩ ነው። ከፍሎ የተቀመጠን ሰው ያወረደ ረዳት ሲቀጣ ግን አይቼ አላውቅም። የስምሪት ሠራተኞች መኪናው ከበር ከመውጣቱ በፊት የሰውን ቁጥር ያያሉ። በዚያው አፍታ «ከፍሎ የወረደ ሰው አለ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይከብዳቸዋል? መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሲጠየቅ ይናገራል። እኔም የዚያን ዕለት አንድ ባለደንብ ልብስ ሰው በሩን ከፍቶ ቢጠይቀኝ እናገር ነበር።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ስለ ቺካጎው በረራ በጻፋችሁበት ትጋት አንድ ጋዜጠኛ ወደ ደብረ ብርሃን ላኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ይቁም። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና መጥተው የሕክምና ቀጠሮ ይዘው የሚሄዱትን ሰዎች ያናግር፣ ረዳቶቹንም ያናግር፣ የስምሪት ኃላፊውንም ይጠይቅ። ወፍራም ጃኬት ይልበስ፤ ጥር ላይ ከመጣ ደግሞ ጋቢ እኔ አውሰዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ