ጣርማ በር እያለልን

ለአዘጋጁ፣ ሰላም ብያለሁ። የስፖርት ገጻችሁ እግር ኳስ ብቻ ሆነብን። ብስክሌተኛውን ጽጋቡ ግርማይን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? የመቀሌ ልጅ ነው። በፈረንጆቹ 2016 ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቁ የብስክሌት ውድድር ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው፤ ያኔ የላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ውስጥ ነበር፣ በኋላም ትሬክና ሚቸልተን ስኮት የሚባሉ ቡድኖች ገብቷል። አብዛኛውን ጊዜ ይለፋ የነበረው ግን ለራሱ ሳይሆን ለቡድኑ መሪ ነው፤ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይቆርጥለት፣ ውሃ ያቀብለው፣ ዳገት ላይ ይጎትተው ነበር፣ መጨረሻ ላይ መሪው አሸንፎ ሲጨበጨብለት እሱ ከኋላ ደክሞት ይገባ ነበር። ሙያ ነው፣ ደሞዝ አለው። እዚህ ደብረ ብርሃን ብስክሌቴን ለሚጠግንልኝ ልጅ ይሄን ብነግረው «ሳያሸንፍ ይከፈለዋል?» ብሎ ሳቀብኝ።

እኛ የምንኖረው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከደብረ ሲና እስከ ጣርማ በር ዋሻ ያለው ዳገት ደግሞ (ብርዱንና ጉሙን ካልቆጠርነው) ለብስክሌት ልምምድ የተሠራ ነው የሚመስለው። ችግሩ መንገዱ የሲኖትራክ መሆኑ ነው፤ እኔ ራሴ አንዴ ጥሩንባ አስደንግጦኝ ቦይ ውስጥ ገብቻለሁ። ለማንኛውም በወር አንዴ እንኳ ስለ ብስክሌት ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን